በሽቦ የተጻፈው ስም

ካርዲፍ፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2016

ለወንድሜ ሚስት ለኖዛሞ፤

አንቺና ልጆቹ፣ በጎቹና ዶሮዎቹ ሳይቀሩ እንደምን ከረማችሁ? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። የአባቴን ቤት አምላክ ይጠብቅልኝ፤ ጣሪያውን ነፋስ፣ ልጆቹን በሽታ አይንካብኝ።

ሰላምታዬ ይብቃና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከትናንት ጀምሮ አፌን ከፍቼ ነው ያለሁት። ማካያ ከማዕድን ማውጫው ደወለልኝ። ስለ አየሩ አወራን፣ ስለ ወገቡ አወራን፤ ልንሰነባበት ስንል "ልጆቹ እኮ ትምህርት ቤት መሄድ ትተዋል፤ ኖዛሞ እቤት ታስተምራቸዋለች" አይለኝም! "ምን አልክ አንተ?" አልኩት። "ሂሳቡ አልቋል" ብሎ ዘጋብኝ። ወንድሜ ሲፈራ ሂሳቡ እንደሚያልቅ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ኧረ በፈጠረሽ ሙሽሪት፣ ምን ነክቶሽ ነው? እኔ በሰው አገር ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ልጅ ማንበብ ሳስተምር ኖሬ፣ የገዛ ወንድሜ ልጆች ከዶሮ ጋር ሊውሉ ነው? አባቴ ላንጋ ራሱ ፊደል ሳይቆጥር በሬውን ሸጦ እኔን አስተምሯል። ይህን ቢሰማ ከመቃብሩ ተነስቶ "ልጆቹ የት አሉ?" ይልሽ ነበር።

ማካያ "አንቺ እንዳልሽ ይሁን" ብሎኛል። የቤቱ ታላቅ ሴት ልጅ እኔ ነኝና የልጆቹ ነገር በእኔ ቃል ያልቃል። ሳልሰማሽ ግን አልፈርድም። በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ አስረጂኝ፤ ስልክ ላይ ትለሰልሽብኛለሽ።

እዚህ ፀሐይ ካየሁ አሥራ አንድ ቀኔ ነው። አገሬ ናፍቆኛል፤ እሱን ተዪው።

ዞሌካ

* * *

ኮፊምቫባ፣ ማርች 20 ቀን 2016

ለተከበሩት ለእትዬ ዞሌካ፣ ለዚህ ቤት ታላቅ ሴት ልጅ፤

ሰላምታዬ ከደጃፍዎ ይድረስ። ጉልበትዎን አምላክ ያጽናልዎ። እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ ዘግይቶ ቢመጣም በቆሎው አላሳፈረንም። ደብዳቤዎ በአምስት ሳምንቱ ደረሰ፤ ሉምኮ ከፖስታ ቤት ይዞት ሲመጣ ፖስታው ከባድ ስለነበር "አክስቴ ተቆጥታለች" አለኝ። ልጁ እንዲህ ነው፣ ነገር በእጁ ካልመዘነ አይገባውም።

ስለ ሉምኮ ከጠየቁኝ ልንገርዎት። አንዱን ክፍል ሁለት ዓመት ተቀመጠበት። ስልሳ ስምንት ልጆች ነበሩ። መምህሩ በር አጠገብ አስቀምጠው ከፋችና ዘጊ አደረጉት። አንድ ቀን እኔ "ዛሬ ምን ተማርክ?" ብዬ ስጠይቀው "በሩ የሚንጫረረው የላይኛው ማጠፊያ ሁለት ብሎን ስለጎደለው ነው" አለኝ። ሌላ ምንም አልተማረም። እዚያች ላይ ነው የቆረጥኩት። ሊዬማ ደግሞ ገና ስምንት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት የሚገባት በጆሮዋ ነው። አንዴ የሰማችውን አትረሳም፣ ዝም በይ ሲሏት ግን የሰማችውም ይጠፋባታል። እዚያ ደግሞ የሚሏት ዝም በይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጠዋት አብሪዋ ከኮረብታው ብቅ ስትል እንጀምራለን። ከማግባቴ በፊት ምታታ ከተማ በቤተ መጻሕፍት እንደሠራሁ ያውቃሉ፤ መጽሐፍ ጮክ ብሎ ማንበብ እወዳለሁ። እኔ ሳነብ ሉምኮ ከአጥር ሽቦ መኪና ይሠራል። እጁ ከቆመ ጆሮውም ይቆማል፣ ስለዚህ አልከለክለውም። ሊዬማ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ቃሎቹን ከእኔ ኋላ ትደግማለች። ባለፈው ገና የላኩልንን፣ በቋንቋችን የተጻፈውን የዶሮዋን መጽሐፍ ስንጨርስ የዶሮ ቤት ሠራን። ሉምኮ ግድግዳውን ለካ፣ ጡቡን ቆጠረ፣ ስንት እንደሚጎድል ሳልነግረው አወቀ። በግቢው መሃል በትር ተክለን ጥላውን በየሰዓቱ በድንጋይ ምልክት አደረግንበት፤ አሁን ጎረቤቶቹ ሰዓት ሊጠይቁን ይመጣሉ። ከወረዳው ትምህርት ቢሮ የመጡት ሴትዮ ደብተሩን አይተው ፈርመዋል። ሲወጡም እንቁላል ሰጠናቸው፤ ሊዬማ ቆጥራ ነው የሰጠቻቸው።

ይህን ነገር የጀመርኩት ደግሞ እኔ አይደለሁም። አባትዎ፣ ታላቁ ሰው፣ በሕይወት ሳሉ ለሉምኮ መደመርና መቀነስን በበግ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በጎቹን በበረቱ በር እያሳለፉ "ስንት ገቡ? ስንት ቀሩ?" ይሉት ነበር። ከቆጠሩ በኋላ በረቱ ግንብ ሥር ይቀመጣሉ። እስከ መጨረሻው ቀን መንገድ መንገዱን ያዩ ነበር። ይህንን ከዚህ በፊት ጽፌልዎት ነበር፤ አልመለሱልኝም።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው፤ ያረጀ መጽሐፍ ካለዎት ይላኩልን። የሊዬማን ንባብ ደግሞ ጎረቤቴ በስልኳ ቀርጻልኝ ልካልዎታለች። ሰምተው ደስ እንዲልዎት ነው።

ትሑት ኖዛሞ

* * *

ካርዲፍ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 2016

ለኖዛሞ፤

ሰላም ለቤቱ ይሁን። በረከቱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ፣ ዛሬ ተቆጥቻለሁ።

ደብዳቤሽን ሳነብ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ለስልሶ ነበር። የበሩን ብሎን ሳነብ ሳቅሁ፣ ቀጥዬም አዘንኩ። እንደዚያ ያሉ ልጆች አስተምሬያለሁ፤ ወርቅ ናቸው። "ኖዛሞስ መምህር ናት" ብዬ ለራሴ ተናግሬ፣ ሻይ ቀድቼ፣ የሊዬማን ድምፅ ከፈትኩ።

ሻዩን ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

የዶሮዋ መጽሐፍ አንድ ቅጂ እኔም ዘንድ አለ፤ ገልጬ አብሬያት ተከተልኩ። መጽሐፉ "ፀሐይ ወጣች" ይላል። ልጅቷ "አብሪዋ ወጣች" አለች። መጽሐፉ "ዶሮዋ ፀሐይን ጠየቀቻት" ይላል። ልጅቷ "አብሪዋን ጠየቀቻት" አለች። ሰባት ቦታ ቆጠርኩ፤ ሰባት ቦታ አንድ ስህተት! ፀሐይ፣ በቋንቋችን "ላንጋ" የሚለው ቃል እኮ ነው! በላቲኑ አጻጻፍ አምስት ፊደል ብቻ! ማንኛውም የአገራችን ሕፃን መጀመሪያ የሚያነበው ቃል! የገዛ አያቷ ስም! የላንጋ የልጅ ልጅ ላንጋ የሚለውን ማንበብ አቃታት፤ ይህንን ለማን አወራዋለሁ?

ይባስ ብሎ መጨረሻው ገጽ ላይ "ናፈቀቻት"፣ ያ "ላንጋዜሌላ" የሚለው ረጅሙ ቃል አለ። እሱ ቢያቅታት አልፈርድባትም፣ ትልቅ ሰውም ያደናቅፋል። እሷ ግን ሳትደናቀፍ፣ እንደ ሰባኪ ቀጥ ብላ፣ "ዶሮዋ የአብሪዋን መንገድ ታይ ነበር" አለች። ከየት አመጣችው? ገጹ ላይ መንገድ የሚባል ነገር የለም!

ይህ ምን እንደሆነ አውቃለሁ ኖዛሞ፤ ሃያ ስምንት ዓመት እንጀራዬ ነበር። ልጅቷ አታነብም። ሥዕሉን እያየች ከአንቺ የሰማችውን ታነበንባለች። አንቺም ቀጥተኛውን ቃል ትተሽ "አብሪዋ" እያልሽ በደብዳቤሽ ሳይቀር ቅኔ ትዘርፊያለሽ፤ ቤቱን ሁሉ ግጥም አድርገሽዋል። በሽቦ መኪናና በዶሮ ቤት ፊደል አይገባም።

ለማንበብ ለሚቸገሩ ልጆች እዚያው አገራችን፣ ኢስት ለንደን ከተማ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። ነገ እደውላለሁ። ሊዬማ በጁላይ ትገባለች።

ዞሌካ

* * *

ካርዲፍ፣ ሜይ 15 ቀን 2016

ለኖዛሞ፤

አምስት ሳምንት ሆነኝ፤ ምነው ዝም አልሽ? ፖስታው ነው ወይስ ኩርፊያ?

ቦታው ተገኝቷል። ማካያ "እሺ" ብሏል፤ ድምፁ ደስ አይልም ነበር፣ ግን ብሏል። ጁላይ 17 ሰው መጥቶ ሊዬማን ይወስዳታል። ብርድ ልብስና ሁለት ጫማ አዘጋጂላት። ሉምኮ ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ይመለሳል። ጨካኝ እንዳልባል እፈራለሁ፤ ነገር ግን የማያነብ ልጅ በዓይኔ እያየሁ ዝም ብል አባቴ ይረግመኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባቴ "መንገድ ያይ ነበር" ያልሽው፣ በጎቹን ይጠብቅ ነበር ማለትሽ ነው፣ አይደል?

ዞሌካ

* * *

ኮፊምቫባ፣ ጁን 5 ቀን 2016

ለተከበሩት ለእትዬ ዞሌካ፤

ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። ዝም ያልኩት በኩርፊያ አይደለም። ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ሦስቱንም ምድጃ ውስጥ ከትቻለሁ፤ የምጽፈውን ቃል መጻፍ ስለማልችል ነው።

የኤፕሪሉ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደነገጥኩ። በልጄ ላይ ማን ተነሳ ብዬም ተቆጣሁ። ሊዬማን ጠርቼ የዶሮዋን መጽሐፍ ሥዕል በእጄ ሸፈንኩና "አንብቢ" አልኳት። አነበበች። የድሮ ጋዜጣ ሰጠኋት፤ ስለ ከብት ክትባት የሚል ነው፣ ከዚያ በፊት ዓይታው አታውቅም። አነበበችው። እትዬ፣ ልጅቷ ታነባለች! ከዚያ የዶሮዋን መጽሐፍ እንደገና ገለጥኩና ያችን ቃል በጣቴ አሳየኋት። "ይቺስ?" ዓይኗን ሳታርገበግብ "አብሪዋ" አለችኝ። "ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጥሪያቸው" አልኳት። አምስቱንም በትክክል ጠራች። "ታዲያ ሲገጣጠሙ?" "አብሪዋ።" "እንዴት ሆኖ?" ብላት እንደ ሞኝ አየችኝና "እማዬ፣ አንቺ እኮ ነሽ እንዲህ የምትያት" አለች።

እዚያው ዱቄት ጆንያው ላይ ቁጭ አልኩ።

ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት ስገባ አሮጊቶቹ ከበር ኋላ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው የነገሩኝ ነገር አለ። የአማትሽን ስም አትጠሪም፤ ስሙ የተሸሸገበትንም ቃል ከአፍሽ አታወጪም፣ ሌላ ቃል ትፈልጊለታለሽ አሉኝ። ሌሎቹ ሙሽሮች ሰው ከሌለ ያመልጣቸዋል ይባላል። እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ብቻዬን ሆኜም አላመለጠኝም። ታላቁ ሰው ካረፉ በኋላም አላመለጠኝም። ጠዋት የምትወጣዋን አብሪዋ እላለሁ። ሰው የራቀ ዘመዱን እያሰበ ልቡ ሲቃጠል ያንን ረጅሙን ቃል ማለት አልችልምና መንገድ ያያል እላለሁ። ልማዴ ስለሆነ ጮክ ብዬ ሳነብም አፌ ራሱ ይለውጠዋል፣ አይታወቀኝም። ሉምኮ ከአያቱ አፍ ስለሰማ ትክክለኛውን ያውቃል። እሷ ግን ታላቁ ሰው ሲያርፉ ገና ትንሽ ነበረች፤ ያደገችው በእኔ አፍ ብቻ ነው። በጆሮዋ የምትማረዋን ልጄን ከነጉድለቴ አስተማርኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

"ታዲያ ይህንን ለአክስቴ ለምን አትጽፊላትም?" ብሎ ሉምኮ ጠየቀኝ። "ቃሉን መጻፍ አልችልም" አልኩት። ትንሽ አሰበና "ተይው፣ እኔ እሠራዋለሁ" ብሎ ጉጠቱን ይዞ ወጣ። ፖስታው ውስጥ ያለው እሱ ነው። ሳየው ፊቴን አዙሬ ነው ያሸግሁት።

ከእንግዲህ መጽሐፍ አልጠይቅዎትም። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ እርስዎ የቤቱ ልጅ ነዎት፣ ሙሽራ አይደሉም፣ ስሙን መጥራት ይችላሉ። ይደውሉና ለሊዬማ ቃሏን ይንገሩልኝ። ወንድሟ ሲነግራት "አንተ ስለ ሽቦ አውራ" አለችው። ነግረዋት ካበቁ በኋላም ትሂድ ካሉ፣ ብርድ ልብሱን አዘጋጅቻለሁ።

በመጨረሻ ለጠየቁኝ፤ በጎቹ በዚያ መንገድ አይመጡም ነበር እትዬ። በጎቹ የሚመጡት ከኋላ በኩል ነው።

ኖዛሞ

* * *

ካርዲፍ፣ ጁን 26 ቀን 2016

ለእህቴ ለኖዛሞ፤

ሰላምታ በምን አፌ ልጻፍልሽ? ተቀበይኝና የቀረውን አንብቢ።

ፖስታውን ስቀድደው የታጠፈ ሽቦ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። የልጅ ቀልድ መሰለኝ። በግራ አዞርኩት፣ ገለበጥኩት። ከዚያ ቀና ሲል አምስት ፊደል ሆኖ አባቴ ተነስቶ አየኝ። ኖዛሞ፣ ጮህኩ። ጎረቤቴ ግድግዳውን እስክትመታ ድረስ ጮህኩ።

እንዴት ይህ ጠፋኝ? እንዴት? የእናቴ አማት ስም ውስጥ "ውሃ" ነበረበት። እናቴ ውሃን "አርጣቢው" ትለው ነበር። መጀመሪያ ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን መምህሯ ብርጭቆ ከፍ አድርጋ "ይህ ምንድን ነው?" ስትል እጄን አውጥቼ "አርጣቢው!" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሯ በማስመሪያ ጣቶቼን መታችኝ፣ "ደደብ" አለችኝ። እያለቀስኩ ቤት ስገባ አባቴ ጭኑ ላይ አስቀምጦ "ደደብ አይደለሽም፤ እነሱ አንድ ቃል ያውቃሉ፣ አንቺ ሁለት" አለኝ። መምህር ልሁን ያልኩት በዚያ ቀን ነው። እና ይኸው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማስመሪያውን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ! አፈርኩ። ከልቤ ነው ያፈርኩት።

ለትምህርት ቤቱ ደውዬ ሰርዣለሁ። ማካያም "እፎይ" ብሏል፤ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሂሳቡ አላለቀበትም። ልጆቹ ከእጅሽ አይወጡም።

እሁድ ዕለት በጎረቤትሽ ስልክ ያወራኋት ሊዬማ ምን እንዳለችኝ ነግራሻለች? አልነገረችሽም መሰለኝ። "ላንጋ በይ" አልኳት። "ላንጋ" አለች። "ፀሐይ ማለት ነው፤ የአያትሽም ስም ነው" አልኳት። ቀጥላ "ታዲያ እማዬ ለምን አትለውም?" አለች። "ስለምታከብረው ነው" አልኩ። "አንቺስ አታከብሪውም?" አለችኝ።

ሂሳቡ አልቋል ብዬ ዘጋሁት።

ስለዚህ ለአንቺ ልመልስ። አባቴ ሲያርፍ ጉልበቴን አሞኝ ቀረሁ ብያችሁ ነበር። ጉልበቴ ደህና ነበር። ትኬቱ በእጄ ነበር፣ ሻንጣዬን ይዤ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሼ ነበር። ሰልፍ ላይ ሆኜ አሥራ ሁለት ዓመት አለማየቴን አሰብኩ፣ ሬሳው ፊት ስቆም መንደሩ የሚለኝን አሰብኩና ተመለስኩ። "መንገድ ያይ ነበር" ብለሽ ስትጽፊልኝ በጎቹን ነው አልኩ። በጎቹን ነው እያልኩ ሦስት ዓመት ኖርኩ። ይኸው በጎቹንም ወሰድሽብኝ።

አንቺ ሙሽራ ሆነሽ የእሱን ስም ስትጠብቂ፣ እኔ ልጁ እየጠራሁት ረሳሁት።

ሽቦውን መስኮቱ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ዞሌካ

* * *

ኮፊምቫባ፣ ኦገስት 14 ቀን 2016

ለምትከበሪው አክስቴ ለዞሌካ፤

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለጉልበትሽ። እኛ ደህና ነን። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው፣ አንዷ ብቻ አሞራ ወሰዳት። ይህንን የምጽፈው እኔ ሊዬማ ነኝ፤ ሉምኮ መስመሩን አስምሮልኛል።

አሁን ሁለቱንም ቃል አውቃለሁ። እኔና ሉምኮ ጠዋት የአያታችን ስም ያለበትን ገጽ እናነባለን። ያኔ እማዬ "ዶሮዎቹን ልይ" ብላ ትወጣለች። ስንጨርስ በመስኮት እንጠራታለን። አንድ ቀን ቶሎ ተመለሰችና ሰማች፤ ጆሮዋን ይዛ ሳቀች፣ ቀጥላም አለቀሰች።

ትናንት የዶሮዋን መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ አነበብኩ። ረጅሙን ቃል ማንም ሳይነግረኝ አነበብኩት። ስሙ ውስጡ አለ! ሉምኮን "ይህ ቃል ምንድን ነው?" ስለው "አያቴ ግንቡ ሥር ሆኖ የሚለው ቃል ነው" አለኝ። እኔ አያቴ መንገድ ያያል ሲባል ነው የሰማሁት። ሉምኮ ግን እንደዚያ አላለም አለ። እንደዚያ የምትለው እማዬ ናት። አያቴ ሙሽራ አይደለም፣ ቃሉን ይለው ነበር። "ዞሌካ ናፈቀችኝ" ነው ያለው። በጎቹን ቆጥረው ሲጨርሱ አያቴ በየቀኑ ይለው ነበር ብሎኛል ሉምኮ።

እማዬ ይህንን ደብዳቤ ጮክ ብላ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ አንቺው ይዘሽው መጥተሽ አንብቢልን።

ሊዬማ